ከዕጢው ተነጥለው የሚሠራጩ ወራሪ ሕዋሳት የጨረር ሕክምናን የሚቋቋሙት እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ትጉህ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም፤ ሥነ ሕይወት ተምሬአለሁ፣ ስለ ካንሰር የሚጻፈውንም በተቻለኝ መጠን እከታተላለሁ። ግሊዮብላስቶማ ስለሚባለው የአንጎል ካንሰር ሳነብ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ማብራሪያ አለ። ዋናው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ አካባቢው በጨረር ከተመታ በኋላም በሽታው የሚመለሰው፣ ከዕጢው ተነጥለው ወደ ጤናማው የአንጎል ክፍል ሰርገው የገቡት ሕዋሳት ጨረሩን ስለሚቋቋሙ ነው ይላል። እንዴት እንደሚቋቋሙ ግን አብዛኞቹ ጽሑፎች ሳያብራሩ ያልፉታል።

ሦስት ነገሮች ግልጽ አልሆኑልኝም። አንደኛ፣ እነዚህ ሕዋሳት የሚተርፉት ጨረሩ ሳይደርስባቸው ቀርቶ ነው ወይስ ደርሶባቸውም ሳይሞቱ ቀርተው? ሁለተኛ፣ ጨረር በይበልጥ የሚጎዳው የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን ነው ይባላል፤ የሚጓዝ ሕዋስ ደግሞ በጉዞው ላይ ሳለ አይከፋፈልም ይባላል። እነዚህን ሁለት አባባሎች ብናጋጥማቸው መልሱ ያለቀ ይመስላል፤ ነገሩ በእርግጥ ይህን ያህል ቀላል ነው? ሦስተኛ፣ ጨረሩ ራሱ የተረፉትን ሕዋሳት ለወረራ ያነሣሣል የሚል አንብቤ ደንግጫለሁ። እውነት ከሆነ ሕክምናው ከሚጠቅመው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የጨረር ፊዚክስ

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ፤ የተቀሩት ከእኔ ሙያ ይልቅ ለላብራቶሪ ሰዎች የሚቀርቡ ናቸው።

ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ሐኪሞቹ በኤምአርአይ በሚታየው ዕጢ ወሰን ላይ ብቻ አያቆሙትም። በተለመደው አሠራር ከሚታየው ወሰን ውጭ 1.5 ወይም 2 ሴንቲሜትር የሚያህል ተጨማሪ ስፋት ይታከላል፤ ይህም የሚደረገው በምስል የማይታዩ ወራሪ ሕዋሳት በዚያ እንዳሉ ስለሚታወቅ ነው። በዚህ ክልል ላይ በየቀኑ 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በአጠቃላይ በ30 ጊዜ 60 ግሬይ ይሰጣል። እንግዲህ ዕጢው የሚመለሰው ከዚህ ክልል ውጭ ቢሆን ኖሮ «ጨረሩ አልደረሰባቸውም» ለማለት ያስችለን ነበር። ነገር ግን መላው አንጎል በጨረር ይመታ በነበረበት ዘመን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ዕጢዎች የተመለሱት ከመጀመሪያው ቦታ በ2 ሴንቲሜትር ክልል ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨረሩ ይበልጥ እየጠበበና እየተነጣጠረ ቢመጣም፣ አብዛኛው በሽታ ዛሬም የሚመለሰው ሙሉውን መጠን በተቀበለው ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ በአብዛኛው «ደርሶባቸውም አልሞቱም» የሚለው ነው።

ይህ ሲባል ሕዋሳቱ ሩቅ አይሄዱም ማለት አይደለም። ዋልተር ዳንዲ የተባለው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በ1928 እ.ኤ.አ. የአንጎልን ቀኝ ክፍለ አካል ሙሉ በሙሉ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር፤ ያም ሆኖ ዕጢው ተመልሷል። በሩቅ ያሉት መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በሽተኛውን ቀድመው ለጉዳት የሚያደርሱት በቅርብ ያሉት ናቸው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን የሒሳብ ጉዳይ ልጨምር፤ «መቋቋም» ሲባል ብዙ ሰው ጨረር የማይበግረውን ሕዋስ ስለሚያስብ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ኩብ የሚያህል ዕጢ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ ሕዋሳት ሊይዝ ይችላል እንበል። እያንዳንዱ የ2 ግሬይ መጠን ከሕዋሳቱ ግማሹን የሚገድል ከሆነ፣ ከ30 ጊዜ በኋላ ከቢሊዮኑ የሚቀረው አንድ ሕዋስ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚተርፈው ግማሽ መሆኑ ቀርቶ 60 በመቶ ቢሆን መጨረሻ ላይ 220 ያህል ሕዋሳት ይቀራሉ። 70 በመቶ ቢሆን ደግሞ ከ22,000 በላይ። በየመጠኑ መካከል የሚደረገውን መራባት እንኳ በዚህ ስሌት አላስገባሁም። እንግዲህ ወራሪው ሕዋስ በአንድ ቀን ከሌላው በጥቂቱ ብቻ የተሻለ ቢጠገን፣ ያቺ ትንሽ ብልጫ ሠላሳ ጊዜ በራሷ ስትባዛ ሕክምናውን ለማክሸፍ ትበቃለች።

መጠኑን ለምን አንጨምርም የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቃለሁ። በአካባቢው ያለው ጤናማ የአንጎል ክፍል ከተወሰነ መጠን በላይ ሲመታ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ይበሰብሳል። ከዚህም በላይ ከመደበኛው ጨረር በተጨማሪ ዕጢውን በተነጣጠረ ከፍተኛ መጠን መምታት ዕድሜን ያራዝም እንደሆነ የመረመረው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ሙከራ ጥቅም አላሳየም።

መልስ፦ ማይክሮስኮፕ

ከላይ የቀረበው ስሌት በጣም ጥሩ መነሻ ነው። ያቺ «ትንሽ ብልጫ» ከየት እንደምትመጣ ልቀጥል።

አንድ ግሬይ የኤክስ ሬይ ጨረር በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲያልፍ በዲኤንኤው ላይ ወደ 1,000 የሚጠጉ የአንድ ሰንሰለት ስብራቶችን፣ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ደግሞ ሁለቱም ሰንሰለቶች አብረው የተሰበሩባቸውን ጉዳቶች ያደርሳል። የመጀመሪያዎቹ በቀላሉ ይጠገናሉ፤ ሕዋስን የሚገድሉት ሁለተኞቹ ናቸው። በአንድ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ እስካሉ ድረስ በዕጢው መካከል ያለው ሕዋስም ሆነ ነርቭ ተከትሎ የሚሳበው ወራሪ ሕዋስ የሚደርስባቸው ስብራት ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ያለው ከስብራቱ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው።

የሚጓዝ ሕዋስ አይከፋፈልም፣ ስለዚህ አይጎዳም የሚለው አስተሳሰብ ከእውነቱ ግማሹን ይዟል። የሕዋስ ዑደት ከጨረር ጋር ያለው ግንኙነት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተጠና ነው፤ ሕዋስ ለጨረር በጣም ስስ የሚሆነው ለመከፋፈል በተዘጋጀበትና በሚከፋፈልበት ጊዜ ሲሆን፣ በጣም ጠንካራ የሚሆነው ዲኤንኤውን አባዝቶ ሊጨርስ በተቃረበበት ጊዜ ነው። ገና ማባዛት ያልጀመረ ሕዋስ፣ ጂ1 በሚባለው ደረጃ ላይ ያለው ማለት ነው፣ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ስለዚህ ከመከፋፈል መቆጠብ በራሱ ጋሻ አይሆንም። የሚሰጠው ነገር ጊዜ ነው። በጨረር የተመታ የዕጢ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቅጽበት አይሞትም፤ የሚሞተው የተሰበሩ ክሮሞዞሞችን ይዞ ለመከፋፈል ሲሞክር ነው። ሙከራውን ያዘገየ ሕዋስ ስብራቱን ለመጠገን ተጨማሪ ሰዓታት ያገኛል፤ ጥገናውን ከጨረሰ በኋላ ጉዞውን አቁሞ መከፋፈል ቢጀምር የሚያግደው የለም። በጂ1 ያለ ሕዋስ የተሰበሩትን ጫፎች ያለ ቅጂ በቀጥታ የሚያጋጥም የጥገና መንገድ ስላለው፣ የተባዛ ዲኤንኤ እስኪያገኝ መጠበቅም አያስፈልገውም።

በጉዞና በመከፋፈል መካከል ያለው ተቃርኖ ካንሰር ብቻ የሚያሳየው ጠባይ አይደለም። ሲኤለጋንስ የተባለችው ጥቃቅን ትል በዕድገቷ ወቅት አንዲት ሕዋሷ የሌላ አካል ሽፋን ሰንጥቃ የምትገባበት ጊዜ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ እንዳሳየው ይህች ሕዋስ መውረር የምትችለው በጂ1 ቆማ ሳለ ብቻ ነው፤ ዑደቷን እንድትቀጥል ከተገደደች መውረር ይሳናታል። ጤናማ ሕዋስ እንኳ ለወረራ ሲነሣ መከፋፈሉን እንደሚያቆም ይህ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል።

ከጊዜ ማግኘት ባሻገር የጥገናው አቅም ራሱ ከፍ ያለባቸው ሕዋሳት አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ታዋቂ ጥናት ሲዲ133 የተባለውን ምልክት የተሸከሙ፣ እንደ ግንድ ሕዋስ የሚሠሩ የግሊዮማ (ግሊዮብላስቶማ የሚመደብበት የአንጎል ዕጢ ዓይነት) ሕዋሳት ከጨረር በኋላ በብዛት እየበረከቱ እንደሚገኙ አሳይቷል። እነዚህ ሕዋሳት ስብራት እንደደረሰባቸው ቼክ1 እና ቼክ2 የተባሉትን ዑደቱን የሚያስቆሙ የፍተሻ ኬላዎች ከሌሎቹ ይልቅ በብርቱ ያነሣሣሉ፤ ኬላዎቹ በመድኃኒት ሲታገዱ ብልጫቸው ይቀንሳል።

ለጥያቄዎ ከሁሉም ይበልጥ ቀጥተኛ መልስ የሚመስለኝ ግን በጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ዜብ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሥራው አንድ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ጋር የተያያዘበትን ማሰሪያ ፈትቶ ተንቀሳቃሽና ወራሪ እንዲሆን ማድረግ ነው። ጨረር ዲኤንኤን ሲሰብር ኤቲኤም የተባለው የስብራት አስጠንቃቂ ፕሮቲን ዜብ1ን እንዳይፈርስ ያጸናዋል፤ ዜብ1 ደግሞ በተራው ቼክ1ን ያጸናል፤ ጥገናውም ይበረታል። ወረራን የሚያዘው ፕሮቲን ጥገናንም የሚያበረታ ከሆነ፣ ወራሪነትና ጨረርን መቋቋም በአንድ ሕዋስ ውስጥ አብረው መገኘታቸው አጋጣሚ ላይሆን ይችላል።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ አዎ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጥናት ጀምሮ ለመግደል የማይበቃ የጨረር መጠን የግሊዮማ ሕዋሳትን እንቅስቃሴና ወራሪነት እንደሚጨምር ታይቷል። ከዙሪያቸው ያለውን መዋቅር የሚጨብጡባቸው ኢንተግሪን የተባሉ ፕሮቲኖችም ሆኑ ያንን መዋቅር የሚፈጩት ኤንዛይሞች ይበረክታሉ።

ትጉህ አንባቢ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረብኝ። በብዙ መጻሕፍት ጨረርን የመቋቋም ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ የሚጠቀሰው የኦክስጅን እጥረት ነው። ሁለታችሁም ስላላነሣችሁት ሆን ብላችሁ የተዋችሁት መሰለኝ።

መልስ፦ ተጠራጣሪ

የኦክስጅኑ ነገር መነሣት ነበረበት፤ ስለ ወራሪ ሕዋሳት በሚጻፈው ውስጥ ያለ ቦታው የሚገባ ማብራሪያ ስለሆነ ነው።

ኦክስጅን በሌለበት ሕዋስን ለመግደል የሚያስፈልገው የኤክስ ሬይ መጠን ኦክስጅን ባለበት ከሚያስፈልገው ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። ይህን ለጨረር ሕክምና ያለውን ትርጉም ጭምር በ1953 እ.ኤ.አ. ያስረዱት የመጠኑ መለኪያ በስሙ የተጠራለት ሉዊስ ሃሮልድ ግሬይና ባልደረቦቹ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ በዕጢ ውስጥ ዘልቆ ሊሄድ የሚችለው ርቀት ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ እንኳ በእጅጉ ያነሰ መሆኑ ተገመተ፤ ከዚያ የራቀው ሕዋስ ይታፈናል፣ ይበልጥ የራቀው ይሞታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ዕጢው መሐል ነው። ወራሪዎቹ ሕዋሳት የሚሳቡት በጤናማው አንጎል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም የደም ሥሮችን ግድግዳና የነርቭ ክሮችን ጥቅል ተከትለው ነው። ይህን ሃንስ ሼረር ገና በ1930ዎቹ በማይክሮስኮፕ ሥር ገልጾታል። ጤናማ የደም ሥር የታቀፈ ሕዋስ ኦክስጅን አጥቶ ጨረር ተቋቋመ ማለት አያስኬድም። የኦክስጅን እጥረት በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በሌላ በር ነው፤ በመሐል የታፈኑትን ሕዋሳት ገፍቶ ወደ ውጭ እንዲሰደዱ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ከወጡ በኋላ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

ከማይክሮስኮፕ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ወራሪነትና ጨረርን መቋቋም በአንድ ሕዋስ ውስጥ አንድ ላይ እንደተሰፉ አድርጎ ማቅረብ የቸኮለ ይመስለኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከሃይደልበርግ የወጣው የፍራንክ ቪንክለር ቡድን ሥራ የሰው ግሊዮብላስቶማ ሕዋሳትን በሕያው አይጥ አንጎል ውስጥ ለረጅም ጊዜ እየተከታተለ ያሳየው፣ ሕዋሳቱ ረጃጅምና ቀጫጭን ክንዶችን ዘርግተው እርስ በርሳቸው እንደሚያያዙ ነው። በነዚህ ክንዶች ውስጥ የካልሲየም ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጨረር በተሰጠ ጊዜ በብዛት የሞቱት ያልተያያዙት ሲሆኑ፣ በመረቡ ውስጥ የነበሩት በአብዛኛው ተርፈዋል፤ የማብራሪያው ሐሳብ በጨረር የሚቀሰቀሰውን አደገኛ የካልሲየም መጨመር መረቡ ተካፍሎ ያበርደዋል የሚል ነው። ጨረርን በተሻለ ሁኔታ የሚቀበለው፣ የክሮሞዞም 1 እና 19 ክፍሎች የጠፉበት ኦሊጎደንድሮግሊዮማ የተባለው ሌላ የአንጎል ዕጢ፣ እንዲህ ያለውን መረብ እምብዛም አይሠራም።

በ2022 እ.ኤ.አ. የዚያው አካባቢ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ ደግሞ አንጎልን በግንባር ቀደምትነት የሚወሩት በአብዛኛው ከሌሎች የዕጢ ሕዋሳት ጋር ገና ያልተያያዙት፣ ከነርቭ ሕዋሳት ግን መነሣሣትን የሚቀበሉት መሆናቸው ታየ። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሚወጣው ሥዕል ከተለመደው ይለያል። በጉዞ ላይ ያለው ግንባር ቀደም ሕዋስ ከሁሉ ይበልጥ ጨረርን የሚቋቋመው ላይሆን ይችላል፤ ይልቁንም በደረሰበት ቦታ ተቀምጦ መረብ ሲሠራ ያን ጊዜ ይጠነክራል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ነገር ግን ዕጢው ለምን በአብዛኛው በቅርብ ክልል፣ መረቡ በተደራጀበት፣ እንደሚመለስ ከሌላው ማብራሪያ የተሻለ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

ስለ ሲዲ133ም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ምልክቱ የሌላቸው ሕዋሳትም ዕጢ መሥራት እንደሚችሉ ከዚያ በኋላ ስለታየ፣ ግኝቱን «ጨረርን የሚቋቋሙት እነዚህ ናቸው» ብሎ በአንድ ምልክት መለየት አይቻልም። የዜብ1ውም ሥራ የተሠራው በጡት ካንሰር ላይ ነው፤ ወደ አንጎል ስናሻግረው በጥንቃቄ ይሁን።

በመጨረሻም የጠያቂውን ድንጋጤ በተመለከተ። ጨረር ወረራን ያነሣሣል የሚለው በላብራቶሪ ሣህን ውስጥ ካደጉ ሕዋሳትና ከእንስሳት የተገኘ ግኝት ነው። በሰው ላይ የተደረገውን ማየት ለሚፈልግ፣ ጨረርን ከድጋፍ እንክብካቤ ብቻ ጋር ያነጻጸረውና በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ ሙከራ አለ። ያለ ጨረር የነበረው መካከለኛ የሕይወት ዘመን 14 ሳምንት ሲሆን፣ በጨረር ወደ 35 ሳምንት ከፍ ብሏል። የተረፉት ጥቂቶች የበለጠ ቢንቀሳቀሱ እንኳ የሞቱት ብዛት ያንን በእጅጉ ይበልጠዋል። በዚህ ግኝት ምክንያት ጨረርን እምቢ ማለት ማንም ሊመክረው የማይገባ ስሕተት ነው።

መልስ፦ ማይክሮስኮፕ

ስለ ግንባር ቀደሞቹ ሕዋሳት የተሰነዘረው አስተያየት ያስኬዳል። እኔ ግን ሁለቱ ሐሳቦች አንዱ ሌላውን የሚያፈርሱ አይመስለኝም፤ አንድ ሕዋስ በሳምንታት ውስጥ ከተጓዥነት ወደ መረብ አባልነት፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ተጓዥነት ሊለወጥ ይችላል። ስድስት ሳምንት በሚፈጅ ሕክምና ውስጥ አንድ ሕዋስ ሁለቱንም ጠባይ በተራ ቢያሳይ አይገርመኝም።

መልስ፦ የካንሰር ሐኪም

ውይይቱን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፤ ሕክምናው እስከ አሁን በምን መንገድ እንደሞከረው ብቻ ልጨምር።

ለውጥ ያመጣው እርምጃ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ 573 ታካሚዎችን ያካተተው ሙከራ ነው። ከጨረሩ ጋር ቴሞዞሎማይድ የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሲጨመር መካከለኛው የሕይወት ዘመን ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር፣ ሁለት ዓመት የቆዩት ድርሻ ደግሞ ከ10.4 በመቶ ወደ 26.5 በመቶ ከፍ አለ። ትርፉን በዋነኛነት ያገኙት ኤምጂኤምቲ የተባለው ጠጋኝ ጂን በዕጢያቸው ውስጥ የተዘጋባቸው ሰዎች ናቸው፤ እዚህም ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ከጥገና ጋር ነው።

ሕዋሱ ዙሪያውን የሚጨብጥባቸውን ኢንተግሪኖች ማገድም ተሞክሯል። ሲለንጊታይድ የተባለው መድኃኒት በላብራቶሪ ብዙ ተስፋ አሳይቶ ነበር፤ ከጨረርና ከቴሞዞሎማይድ ጋር ተጨምሮ በትልቅ ሙከራ ሲፈተሽ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ዕድሜን እንደማያራዝም አሳየ። ከላብራቶሪ የሚመጣን ማብራሪያ ወዲያው እንደ ሕክምና ተስፋ የምናነብ ሁላችን ይህን ውጤት ብናስታውስ ጥሩ ነው። መረቡን ለመበጠስ በሚል፣ ሕዋሳቱ የሚገናኙባቸውን ቀዳዳዎች የሚዘጋ ሜክሎፌናሜት የተባለ የቆየ የሕመም ማስታገሻም በታካሚዎች ላይ እየተሞከረ ነው።

ከማይክሮስኮፕ ማብራሪያ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ኤቲኤምን የሚያግዱና ከደም ወደ አንጎል ሊዘልቁ የሚችሉ መድኃኒቶች ሙከራ ነው። ኤቲኤም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከተፈጥሮ እናውቃለን፤ ይህን ጂን በውርስ ያጡ ሰዎች፣ አታክሲያ ቴላንጂኤክታሲያ የተባለው ሕመም ያለባቸው ማለት ነው፣ ለሌላው ሰው ተራ የሆነው የጨረር ሕክምና መጠን ለእነርሱ ብርቱ ጉዳት ያደርስባቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ዕጢውን ለጨረር ስስ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው። በሙከራዎቹ የሚፈተሸው ከዚህ ይልቅ ከወራሪው ሕዋስ አጠገብ፣ በዚያው የጨረር ክልል ውስጥ ያለው ጤናማ የአንጎል ክፍል ጥገናው ታግዶ ሳለ ምን ያህል መጠን ሊሸከም እንደሚችል ነው፤ የመድኃኒቱም መጠን ሆነ የሚሰጥባቸው ቀናት የሚወሰኑት በዚሁ ነው።